ጌታው እስኪቀመጡ

«ሳብ! ሳብ በሉ እንጂ! እትዬን እንዲህ ወገባቸውን አጣመን ልንተዋቸው ነው እንዴ?»

የመድፈኞቹ አለቃ እንደ ልማዱ ይጮኻል። አንዱ ጆሮው ከደነቆረ ቆይቷል፣ ሌላውም ሊከተለው ነው፤ ስለዚህ የሰው ሁሉ ጆሮ እንደ እሱ ጆሮ ይመስለዋል። የመድፉ መንኮራኩር የማማውን ድንጋይ እየፋቀ ትንሽ ዞረና ቆመ። ደፋኝ የሚሉት መድፈኛ ትከሻውን ከማንሻው እንጨት ሥር ሳያወጣ ትንፋሹን ሰበሰበ። ከወዲያኛው መንኮራኩር በኩል የእህቱ ባል፣ ጠቅጣቂው፣ እሱም ጎንበስ ብሎ ያለከልካል። ሁለቱ ሰሞኑን ከሥራ ቃል በስተቀር ብዙ አልተነጋገሩም። ደፋኙ ሐዘን ነው ብሎ አልፎታል፤ ቤታቸው የገባው ሐዘን የሁለቱም ነበርና።

እስካለፈው ሳምንት ድረስ የመድፉ አፍ ወደ ሜዳው፣ ወደ ከበባው ድንኳኖች ያፈጠጠ ነበር። ዛሬ ወደ ድልድዩ ሊዞር ነው። ያ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ሲያስርባቸው የከረመ ሰው ዛሬ የከተማው ጌታ ሆኖ በዚያ ድልድይ ይገባል፤ እነሱም ሊገድሉት ሲተኩሱበት በቆዩበት መድፍ «እንኳን ደህና መጣህ» ሊሉት ነው። «እንኳን ደህና መጡ» ማለት ይገባል። ጌታ የሆነን ሰው አንተ ማለት ካሸነፈ በኋላ ያስቀጣል።

መድፉንም ቢሆን ማንም አንተ ብሎት አያውቅም። «እትዬ» ናቸው። ድሮ፣ የአለቃ አያት የመድፍ አለቃ በነበሩበት ዘመን፣ ከተማው ነሐስ አጥቶ ሴቶቹ ድስታቸውን፣ ክዳናቸውን፣ የእጅ መታጠቢያ ሳህናቸውን እያመጡ አቅልጠው ነው ያሠሩት ይባላል። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሴት ሁሉ መድፉን ስታይ የአያቷን ድስት እንዳየች ታከብረዋለች፤ ወንዱም ሚስቱን ፈርቶ ያከብረዋል። ሲተኮስ «እትዬ ተቆጡ» ይባላል። ሲወለወል «እትዬ አፋቸውን ተጉመጠመጡ» ይባላል። የእትዬ ቁጣ ግን ምንም ክፋት አልነበረውም። በዚያ ከተማ «መድፍ ሳይል እመለሳለሁ» ያለ ሰው ከምሳ በፊት ማለቱ ነው፤ እኩለ ቀን ሲሆን ይተኮሳልና። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን ከምድጃ የሚያወጣው በመድፍ ነው። አዋላጇ «የመድፍ ልጅ» የምትለው እኩለ ቀን ላይ የተወለደውን ነው። ማታ መድፍ ሲል የከተማው በር ይዘጋል፤ ከእሱ በኋላ የመጣ ባል ሚስቱ የምትለውን ሁሉ ይሰማል። ለአንዱ መድፍ ምሳው ነው፣ ለሌላው መክተቻው፣ ለሌላው የሚስቱ ንትርክ። ከበባው እስኪመጣ ድረስ መድፍ መግደያ መሆኑን የሚያስታውሱት ማማው ላይ የሚሠሩት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

እነሱ ሊረሱት አይችሉም። መድፍ የሚገድለው ከፊቱ የቆመውን ጠላት ብቻ አይደለም። አንዴ ከተኮሰ በኋላ ሆዱ ውስጥ ፍም ይቀራል። ጠቅጣቂው እርጥብ መወልወያ አስገብቶ ፍሙን ያጠፋል፤ ከዚያ የባሩዱን ከረጢት አጉርሶ በረጅም ዘንግ እየጠቀጠቀ ወደ ውስጥ ያወርዳል። ይህን ሁሉ ሲሠራ ሁለት እጁ መድፉ አፍ ላይ ነው። ያኔ ከኋላ በኩል ያለችው ትንሽ ቀዳዳ፣ እሳት የሚለኮስባት፣ እነሱ «እምብርት» የሚሏት፣ መደፈን አለባት። ክፍት ከሆነች አየር ይገባል፤ አየር ከገባ ያልጠፋው ፍም ይነቃል፤ ፍሙ ከነቃ ባሩዱ የጠቅጣቂውን እጅ ይዞ ይወጣል። የምትደፈነው ደግሞ በሰው አውራ ጣት ነው። ጣቱ ላይ ቆዳ አጥልቆ እምብርቷን ተጭኖ የሚቆመው ሰው ደፋኝ ነው። ከዛሬው ጠቅጣቂ በፊት የነበረው ሰውዬ አሁን ገበያው መግቢያ ላይ ይቀመጣል፤ አላፊ አግዳሚው ያጎርሰዋል። የእሱ ደፋኝ ጣቱን ያነሳው ዝንብ አይኑ ላይ አርፎበት ነበር።

ስለዚህ ማማው ላይ አንድ ደንብ አለ። መድፍ ከመጉረሱ በፊት ጠቅጣቂው ዘንጉን ይዞ «ጣትህ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ደፋኙ «ያንተ ነው» ይላል። ይህ ሳይባል ዘንግ አይነሳም። ሁለቱ ይህን ሲባባሉ ጎልምሰዋል። ጠቅጣቂው የደፋኙን እህት ሊጠይቅ የመጣ ዕለት እንኳ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት አፉ ተሳስሮበት፣ ደፋኙ ነው «ጣቴን ከሰጠሁህ እህቴን እነፍግሃለሁ?» ብሎ ያዳነው። ቤቱ ሙሉ ሰው ስቆ ነበር።

ደፋኙ በሕይወቱ የሚኮራበት ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛው ጣቱን ያለጊዜው አንስቶ አለማወቁ ነው። ሁለተኛው ልጁ ነበር። እናቱ በወሊድ ስትሞት ልጁን የደፋኙ እህት ከራሷ ልጅ ጡት ከፍላ አሳደገችው። ዋና ያስተማረው፣ እንጨት መቅረጽ ያሳየው፣ ሲያጠፋም በጆሮው ይዞ የሚመልሰው ጠቅጣቂው ነበር። ልጁ ጎረመሰ፣ ከበባው ሲመጣ ለዘብ ተመለመለ፣ ጠላት ወደ ወንዙ በሚያወጣው የውሃ በር በገባ ሌሊት እዚያው በሩ ላይ ተገደለ። ከእሱ ሌላ ማንም አልሞተም። ከተማው አልተቃጠለም፣ ቤት አልተዘረፈም፣ በማግስቱ የእህል ጋሪ ገባ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ «በአንድ ሰው ተረፍን እኮ!» ይባባላል። ደፋኙን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ዝቅ አድርገውም ያንኑ ነው የሚሉት።

መድፉ ወደ ድልድዩ ዞሮ ከተቀመጠ በኋላ አለቃ ሁለቱን ባሩድ እንዲያመጡ ወደ ምድር ቤት ላካቸው። የማማው ደረጃ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ተሸክመው ሲመለሱ፣ ቀጭኗ መስኮት ያለችበት መታጠፊያ ላይ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆሙ። በመስኮቷ የትኩስ ዳቦ ሽታ ይገባል።

«ዛሬ ጠዋት ስመጣ የልጁ ሳህን ገበታው ላይ የለም» አለ ደፋኙ። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ የሚበላው እህቱ ቤት ነው። «መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ አየሁት። እሷ ናት ያነሳችው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምነው?»

ጠቅጣቂው ሸክሙን ደረጃው ላይ አስቀመጠ። «ላየው አልቻልኩም።»

«እኔ አባቱ እያየሁት እበላ የለም እንዴ?»

«አንተማ ታየዋለህ። አንተ ምን አደረግክና?»

አነጋገሩ ስላላማረው ደፋኙ ዞር ብሎ ተመለከተው። ጠቅጣቂው የመስኮቷን ጠርዝ ይዞ ተናገረ።

«የአዲሱ ጌታ አጋፋሪ ጠዋት ቤት መጥቶ ነበር። ጌታው ሊያመሰግኑህ ይፈልጋሉ አለኝ። ዛሬ ወይ ነገ በሰው ፊት ይጠሩኛል። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው የምነግርህ።»

«ምን ብለው ነው የሚያመሰግኑህ? ስትተኩስባቸው አይደለም እንዴ የከረምከው?»

«የውሃ በሩን መቀርቀሪያ ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ደፋኙ መጀመሪያ አልገባውም። ቃሉ ገብቶታል፤ ሰውዬውና ቃሉ ናቸው አልገጣጠም ያሉት።

«ሕፃኗ ልጃችን ከረሃብ ብዛት ማልቀስ አቁማ ነበር» አለ ጠቅጣቂው ቶሎ ቶሎ እያለ፣ የሚያቋርጠው ሰው እንዳይመጣ የፈራ ይመስል። «እህትህ ጡቷ ደርቆ፣ ጫማ ቀቅላ ስታበላን አብረን በልተናል። ሰው ላኩብኝ። በሩን ብትከፍት ከተማውን አንነካም፣ ሰው አንገድልም አሉኝ፤ ማሉልኝ። ሽማግሌውን በር ጠባቂ «ሂድ ተኛ፣ ዛሬ እኔ እቆምልሃለሁ» ብዬ ሸኘሁት። በሩ ላይ ማንም እንዳይኖር ብዬ ነው ያን ሁሉ ያደረግሁት። ሽማግሌው መንገድ ላይ ልጁን አገኘውና ዛሬ በእኔ ፋንታ በሩ ላይ ያለው ጠቅጣቂው ነው አለው። ልጁ ደግሞ ጋሼ ቀኑን ሙሉ መድፍ ላይ ውሎ ደክሞታል፣ ልተካው ብሎ መጣ። መቀርቀሪያውን አንስቼ ዞር እንዳልኩ ነው የደረሰው። በሩ ተከፍቶ ሲያይ ሊዘጋው ሮጠ። ጋሼ ብሎ የተጣራው እኔን ነው። ድምፁን አውቄዋለሁ። ስደርስ አልቆ ነበር።»

ደፋኙ የተሸከመው ባሩድ ክብደቱ ጠፋበት። እጁን አየው፤ አሁንም እንደያዘ ነው። ሰውዬውን ከደረጃው ሊወረውረው ይችል ነበር። ጉልበት አላጣም። ያጣው ከየት እንደሚጀምር ነው።

«እሷ ታውቃለች?»

«ጠዋት ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለች?»

«ምንም። ውሃ ልቅዳ ብላ ወጣች።»

ከላይ የአለቃ ጩኸት ወረደ፣ «ባሩዱን ልታመጡ ነው ወይስ ልታመርቱ?» ደፋኙ ፊቱን አዙሮ ደረጃውን ወጣ። ሲወጣ በልቡ አንድ ነገር ብቻ ይመላለስ ነበር። ልጁ የሞተው ለዚህ ሰው አዝኖ ነው።

ማማው ላይ አጋፋሪው ደርሶ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጫማው የተወለወለ፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ክፉ የማይመስል ሰው ነው። ለአለቃ በምልክትም በጩኸትም አስረዳው። ጌታው እግራቸው ድልድዩን ከረገጠ ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ ዙፋናቸው ላይ እስኪቀመጡ ድረስ መድፉ ሳያቋርጥ ይተኩሳል። ሲቀመጡ ከአዳራሹ ሰገነት ላይ ነጭ ጨርቅ ይውለበለባል።

«ሳያቋርጥ?» አለ አለቃ። «እትዬ እኮ ካልበረዱ አይችሉም። ትንሽ ማረፍ አለባቸው።»

«መድፉ ዝም ካለ ጌታው ከተማው አኩርፏል ይላሉ» አለ አጋፋሪው። «ላኮረፈ ከተማ የማሉት መሐላ አይጸናም። ወታደሩ ገና ሜዳው ላይ ነው፤ ይህንንም ታውቃላችሁ። እኔ እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም።»

አለቃ ይህን ያለ ምልክት ሰማ። አንዳንድ ነገር ለደንቆሮም ይሰማል።

የደፋኙ እህት በሁለት እጇ ባልዲ አንጠልጥላ ከደረጃው ብቅ አለች። በከበባው ጊዜ ውሃ አመላላሹ ከታመመ ወዲህ ማማው ላይ ውሃ የምታመጣው እሷ ናት። ባልዲዎቹን መድፉ አፍ አጠገብ አስቀመጠች። ወንድሟን አየችው፤ እንደሚያውቅ በአንድ እይታ አወቀች። አይኗ አብጧል። ሊያናግራት አፉን ከፈተ፣ እሷ ግን እዚያ የነበረውን ባዶ ባልዲ አንስታ ወረደች።

ደፋኙ ጣቱ ላይ ቆዳውን አጠለቀ። ወፍራሙ፣ ድርብ ሆኖ የተሰፋው ቆዳ ድሮ የነበረው ነው። በከበባው ጊዜ እሱንም ቀቅለው በልተውታል። አሁን ያለው ከአሮጌ ጓንት የተቆረጠ ስስ ቁራጭ ነው፤ ለእኩለ ቀኑ ተኩስ ይበቃል፣ ለዛሬው ግን ማንም አላሰበበትም።

ጠቅጣቂው ዘንጉን አንስቶ ቦታው ላይ ቆመ።

«ጣትህ የማን ነው?»

ደፋኙ ዝም አለ። ከታች ከድልድዩ በኩል መለከት ተነፋ። አለቃ መልሱን ሁልጊዜ የሚያረጋግጠው ከንፈር አይቶ ነበር፤ ዛሬ አይኑ ድልድዩ ላይ ነው። ጠቅጣቂው ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ መልስ ሳያገኝ ዘንጉን መድፉ አፍ ውስጥ ከተተ። ከጀመሩ አንስቶ እንዲህ አድርገው አያውቁም።

«ልቀቅ!» አለ አለቃ። ደፋኙ ጣቱን አነሳ፣ ከረጢቱን በእምብርቷ በኩል በመርፌ ወጋ፣ ጥቂት ባሩድ ነሰነሰ፣ ዞር አለ። አለቃ የሚጤሰውን ገመድ አስጠጋ። እትዬ ተቆጡ። ከጣሪያው ላይ እርግቦች ተነሱ፣ ከታች ሕዝቡ እልል አለ።

«ወልውል!... አጉርስ!... ጠቅጥቅ!...»

ጌታው ሽማግሌ ነበሩ። ከፈረስ ወርደው በእግራቸው ሊገቡ ፈልገዋል፤ ለሕዝቡ ፍቅራቸውን ለማሳየት ነው። ድልድዩን ሲጨርሱ እጅ የነሱትን ሁሉ አንድ በአንድ ቆመው ያነሳሉ። አንዲት አሮጊት እግራቸው ሥር ወድቃ አልነሳም ስትል ከማማው ላይ ይታያል። አለቃ እየተኮሰ ይሳደባል፣ «ተነሺ እንጂ እትዬ! የእኛዋ እትዬ ተቃጠሉ እኮ!»

መድፉ ይግል ጀመር። መጀመሪያ ነሐሱ ለብ አለ፤ ቀጥሎ እጅ የማያስጠጋ ሆነ። መወልወያው ሲገባ ውሃው ውስጥ እንደ ድስት ይንሾኸሾኻል። ደፋኙን ሙቀቱ በስሱ ቆዳ በኩል ተሰማው። ታገሰው። ጣቱን ሲጭን የሚያየው የጠቅጣቂውን ደረት፣ የሚወጡና የሚገቡ ሁለት እጆቹን ነው። እነዚህ እጆች ልጁን ወንዝ ውስጥ ደግፈው ይዘውት ነበር። መቀርቀሪያውን ያነሱትም እነሱ ናቸው።

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣለት። ድንገት አልመጣም፤ ደረጃው ላይ ጀምሮ ሲከተለው ነበር። ቆዳው ስስ ነው። መድፉ ግሏል። ሰው ጣቱ ሲቃጠል ያነሳል። ማንም «ለምን አነሳህ» አይለውም፤ አለቃ ራሱ «ምን ያድርግ፣ ተቃጥሎ ነው» ይላል። የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ መርሳት ብቻ ነው። ዕድሜ ልኩን ያልረሳውን አንድ ጊዜ።

«አጉርስ!»

ደፋኙ ቀና ሲል ጠቅጣቂው አቋቋሙን ለውጧል። ደንቡ ከመድፉ አፍ ጎን መቆም፣ እጅን ብቻ መስጠት ነው፤ ፊት ለፊት አይቆምም። ጠቅጣቂው ግን ፊት ለፊት ቆሞ፣ ደረቱን ለመድፉ አፍ ሰጥቶ፣ ዘንጉን በሁለት እጁ እየገፋ ወደ ደፋኙ ይመለከታል። ላቡ አይኑ ውስጥ እየገባ አይጠርገውም።

«ወደ ጎን!» አለ አለቃ። «አብደሃል እንዴ ሰውዬ?»

ጠቅጣቂው እንዳልሰማ ሆነ። ደፋኙ ምን እየለመነው እንደሆነ ገባውና የመጀመሪያው የእውነት ቁጣ ያኔ መጣበት። ሊገላገል ነው! መሞቱን እንኳ ለእኔ ሥራ ሊያደርግብኝ! ልጄን በሱ ምክንያት አጥቼ፣ እሱን ደግሞ በእጄ ገድዬ፣ እኔ እህቴን እያየሁ ልኖር፣ እሱ ሊያርፍ! ጣቱን አጥብቆ ተጫነ። ቆዳው ጤሰ።

ዘንጉ ወጥቶ ጠቅጣቂው ከአፉ ሲርቅ፣ «ልቀቅ!...» ተኮሰ። «ወልውል!»

ቁጣው ግን እንደ ሙቀቱ አልቆየለትም። ሕመሙ ከጣቱ ወደ ክንዱ፣ ከክንዱ ወደ ጥርሱ ወጣ። ቆዳው ተበልቶ አለቀ፤ አሁን እምብርቷ ላይ ያለው የራሱ ሥጋ ነው። ቁጣ እንዲህ ያለ ሕመም አይችልም። ጌታው አሁን የአዳራሹ ደጅ ላይ ደርሰዋል፤ ደጁ ላይ የሚመርቋቸው ሽማግሌዎች ተሰልፈዋል፤ ሽማግሌ ምርቃት ሲጀምር ደግሞ ይታወቃል። አንሳው፣ አለው ጣቱ። የማንም ጥፋት አይደለም፤ ሥጋ ነኝ፣ አንሳኝ። አይኑን ጨፈነ። ልጁ «ጋሼ!» ሲል ሰማው፤ ያን ድምፅ እሱ በጆሮው አልሰማም ነበር፣ አሁን ግን ሰማው፣ ጣቱም ከነሐሱ ሊላቀቅ ትንሽ ቀረው።

አይኑን ሲገልጥ እህቱ መድፉ አፍ ላይ ናት።

ውሃ አምጥታ ባልዲውን አስቀምጣ መውረድ ነበረባት። አልወረደችም። ባሏ ጎን፣ ትከሻዋ ትከሻውን ነክቶ፣ ቆማለች። ባሏ በክርኑ ሊገፋት ሞከረ፤ አልተነቃነቀችም። ወንድሟን ታየዋለች። በአይኗ አትለምነውም፤ አትቆጣውምም። ስታለቅስ የከረመች ሴት ዝም ስትል እንደምታየው ነው የምታየው። ልጁን እኔም ነኝ ያጠባሁት፣ የምትል ይመስላል፤ ካነሳህም እዚህ ነኝ።

«ዞር በይ!» አለ ደፋኙ።

«ጠቅጥቅ!» አለ አለቃ።

ዘንጉ ገባ። ደፋኙ ግራ እጁን ቀኝ እጁ ላይ ደርቦ፣ በሰውነቱ ሁሉ ጣቱን ቀዳዳዋ ላይ ተጫነ፤ እንዳያነሳው ራሱን በራሱ ያዘው። የሥጋ ሽታ ሸተተው። የራሱ መሆኑን ያወቀው ቆይቶ ነው። ጮኸ። እንደ ሕፃን እየጮኸ ያዘ። ዘንጉ ወጥቶ ሁለቱ ከመድፉ አፍ ዞር ሲሉ፣ «ልቀቅ» ሲባል፣ ጣቱ ከነሐሱ አልላቀቅ ሲለው ነጭቶ አላቀቀው።

ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንደተኮሱ አላወቀም። እህቱ መድፉ በጎረሰ ቁጥር እዚያችው ቦታ ባሏ ጎን ትቆማለች፤ ውሃው ሲያልቅ እንኳ አጋፋሪው ራሱ በተወለወለ ጫማው ደረጃውን እየሮጠ አመጣላቸው። ከዚያ አለቃ «ነጭ! ነጭ!» ብሎ ጮኸና ገመዱን ጣለ። ከአዳራሹ ሰገነት ላይ ጨርቅ ይውለበለባል። ጌታው ተቀምጠዋል። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ከዚያም ቶሎ ብሎ ወደ ዳቦው ተበተነ።

አጋፋሪው ላቡን ጠረገና የደፋኙን እጅ ሲያይ ፊቱን አዞረ። አለቃ ቀረብ ብሎ አየ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምነው ልጄ፣ ምነው ሳትነግረኝ» አለ። እህቱ ባልዲ ጎትታ አመጣች፣ የወንድሟን ክንድ ይዛ ጥቁር የሆነውን ጣት መድፍ የሚወለወልበት ውሃ ውስጥ ከተተችው። ውሃው ላይ ጥላሸት ተንሳፈፈ። ደፋኙ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ተቀመጠ።

ጠቅጣቂው ዘንጉን እንደያዘ መጥቶ ፊቱ ቆመ። ጢሙ ተቃጥሏል፣ እጆቹ ግን ሁለቱም አሉ። የለመደውን ቃል አለ፦

«ጣትህ የማን ነው?»

ደፋኙ እጁን ከባልዲው አውጥቶ አሳየው። አውራ ጣቱ እስከ አጥንቱ ነዷል።

«ያንተ ነበር» አለ። «አለቀ።»

ጠቅጣቂው ሊንበረከክ ሲል ደፋኙ «ቁም» አለው፤ ቆመ። እህቱ እጁን መልሳ ውሃው ውስጥ ከተተችው። እያለቀሰች ነበር።

«ወንድምዓለም» አለችው ቀስ ብላ። «ማታ ትመጣለህ አይደል? ከእንግዲህ ቤታችን አትበላም?»

ደፋኙ ባሏን አየው።

«እመጣለሁ» አለ። «የት እሄዳለሁ? በየማታው እመጣለሁ። የልጁን ሳህን ከመደርደሪያው አውርጂውና ገበታው ላይ፣ ከሱ ፊት ለፊት አድርጊው። እኔ እስክሞት ድረስ ማንም እንዳያነሳው።»

«እሺ» አለች።

አለቃ ይህን ሁሉ አልሰማም። ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየና እኩለ ቀን እንዳለፈ፣ ከተማውም ዛሬ የምሳ ሰዓቱን እንዳላወቀ ለራሱ አጉረመረመ። ጠቅጣቂው ዘንጉን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።